ግማሹ ኢንተርኔት የጠፋበት ማክሰኞ

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የምሠራበት የትምህርት ተቋም የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ግማሹ ኢንተርኔት አለ፣ ግማሹ የለም» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ አሁኑኑ መጣሁ» ብዬ፣ ችግሩ የኮምፒውተራቸው እንደሆነ እየገመትኩ ወደ ቢሯቸው ወጣሁ። አንዱ ድረ ገጽ ወዲያው ይከፈታል፤ ሌላው ጽሑፉን አሳይቶ ሥዕሉን ያስቀራል፤ ሦስተኛው ጨርሶ አይመጣም። ከሌላ ኮምፒውተርም፣ ከሌላ ሕንፃም ብሞክረው ያው ነው። ነገሩ ከሰዓታት በኋላ ሲገለጥልኝ፣ የእሳቸው አነጋገር እኔ በሪፖርት ከምጽፈው ሁሉ የተሻለ መግለጫ እንደነበረ ተረዳሁ።

ተቋሙ የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኔም የምኖረው እዚያው አካባቢ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማው ወደ እኛ እየሰፋ ስለመጣ የፋይበር መስመሩም አብሮ መጥቷል፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተቋሙ ከሁለት አቅራቢዎች ሁለት መስመር እንዲኖረው ተደረገና፣ አንዱ ሲቋረጥ በሌላው እንድንሠራ በራውተራችን (መረጃን ወደየመድረሻው በሚመራው መሣሪያ) ላይ የማስተካከሉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። በዋዜማው ሰኞ ማታ ሁለቱም አቅራቢዎች የዓለምን ሙሉ የመንገድ ሰንጠረዥ እንዲልኩልን ጠይቄ፣ ልከውልን፣ ሁሉም ነገር በሰላም ሲሠራ አይቼ ወደ ቤቴ ሄጄ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የራውተሩን መዝገብ ስከፍት ግን የመሣሪያው ፕሮሰሰር ከመቶ እጅ ዘጠና ስምንቱ ተይዟል፤ ሌሊቱን የተጻፈውም መልእክት የሃርድዌሩ ሰንጠረዥ እንደሞላ፣ የተረፉት መንገዶችም በሶፍትዌር እንደሚስተናገዱ ይገልጻል።

ሙሉ ሰንጠረዥ የሚባለው ምን እንደሆነ ልግለጽ። ኢንተርኔት ከመሐል ሆኖ ካርታውን የሚስልለት አካል የለውም። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው ኔትወርኮች አሉ፤ እያንዳንዱም «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ለጎረቤቶቹ ያውጃል፤ ጎረቤቶቹም ለጎረቤቶቻቸው ያሳልፋሉ፤ አዋጁም ዓለምን ያዳርሳል። ይህን የማወጃ ሥርዓት ባለሙያዎች ቢጂፒ ይሉታል። አንድ ራውተር ሙሉ ሰንጠረዥ አለው የሚባለው የእነዚህን ሁሉ አዋጆች ዝርዝር ሲይዝ ነው። የመጣለትን የእያንዳንዱን ፓኬት (በኢንተርኔት የሚጓዝ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) መድረሻ አድራሻ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ የሚመሳሰሉ ብዙ ሆነው ሲገኙም ጠበብ ያለውን፣ ማለትም ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን አዋጅ ይከተላል። ይህ «የጠበበው ይቀድማል» የሚለው ደንብ ለኋላው ነገር ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

ይህን ለአዲስ ባልደረቦች ሳስረዳ የምጠቅሰው ሁልጊዜ የታክሲ ረዳትን ነው። የእኛ ሰፈር ከመቆርቆሩ በፊት ሳሪስ ላይ የቆመ ረዳት «ቃሊቲ፣ አቃቂ!» ብሎ ሁለት ስም ከጠራ በዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ሰው ሁሉ ይበቃው ነበር፤ ከአቃቂ ወዲያ ያለውን ዝርዝር የሚያውቀው አቃቂ ያለው ሰው ነው። ዛሬ ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬም፣ ገላንም ለየብቻ ይጠራሉ። መሐል ከተማ ያለው ረዳት በየዳርቻው የተሠራውን የእያንዳንዱን ብሎክ ስም ይጥራ ቢባልስ? ትንፋሹም፣ ታክሲው የሚቆምበት ጊዜም አይበቃም። የኢንተርኔት መንገድ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እዚያ ማንኛውም የብሎክ ነዋሪ «የእኔም ስም በየተራው ሁሉ ይጠራ» ብሎ ቢያውጅ፣ በመላው ዓለም ያለ ረዳት ሁሉ ያለ አንዳች ክፍያ መጥራት ይጀምራል።

ቢጂፒ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጠን መሐንዲሶቹ ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎሂድ የመጀመሪያውን ንድፍ የጻፉት በምሳ ጠረጴዛ ላይ በነበረ ናፕኪን እንደሆነ በሙያው ውስጥ በሰፊው ይታወቃል። ለጊዜው መፍትሔ እንዲሆን የታሰበው ነገር እስከ ዛሬ ዓለምን ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ1993 አድራሻዎችን በትልልቅ ጥቅል ማወጅ የሚያስችል አሠራር ባይወጣ ኖሮ፣ ሰንጠረዡ ያኔውኑ ከራውተሮች አቅም በላይ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 አካባቢ 20 ሺህ ገደማ የነበረው የመንገዶች ቁጥር በ2001 ወደ 100 ሺህ ቀረበ፤ በ2014 ግማሽ ሚሊዮን አለፈ፤ አሁን በአሮጌው የአድራሻ ሥርዓት በአይፒቪ4 ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሆኗል። የአዲሱ የአይፒቪ6 ሰንጠረዥም ለብቻው ከ200 ሺህ በላይ ሆኗል።

አንድ ሚሊዮን መስመር ለዛሬ ኮምፒውተር ምንድን ነው? ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ እንኳን ያለ ችግር ይይዘዋል። እኔም ሰኞ ማታ ያሰብኩት እንዲሁ ነበር፤ ራውተራችን በቂ ሜሞሪ እንዳለው አረጋግጬ ነበርና። ያላመሳከርኩት ግን ራውተር ሁለት ሰንጠረዥ እንዳለው ነው። አንዱ ከጎረቤት የሰማውን አዋጅ ሁሉ የሚመዘግብበት፣ በተራ ሜሞሪ የሚቀመጥና የፈለጉትን ያህል ሊያሰፉት የሚችሉት ነው። ሁለተኛው ከዚያ የተመረጠው፣ ፓኬት በደረሰ ቁጥር በእውን የሚታየው ነው፤ ይህኛው በልዩ ቺፕ ላይ ይቀረጻል፤ ስፋቱም መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ያበቃለት ነው።

ልዩ ቺፕ ለምን እንዳስፈለገ ከፍጥነቱ ስሌት መረዳት ይቻላል። በሰከንድ 10 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ አንድ መስመር ላይ፣ ፓኬቶቹ በጣም ትናንሽ ከሆኑ በሰከንድ እስከ 14.88 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ። ይህ ማለት ለእያንዳንዱ ፓኬት የሚተርፈው ጊዜ 67 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። ተራ ሜሞሪን አንዴ ለማንበብ ብቻ በአስር የሚቆጠሩ ናኖሴኮንዶች ይጠፋሉ፤ ከአንድ ሚሊዮን መስመር ውስጥ የጠበበውን ለማግኘት ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቲካም የተባለ ሜሞሪ ተሠራ። ተራ ሜሞሪ «በዚህ ቁጥር ሳጥን ውስጥ ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቲካም ግን «ይህ አድራሻ የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው?» ተብሎ ይጠየቅና ሳጥኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ፈትሸው ይመልሳሉ። እያንዳንዷ የቲካም ክፍል ከዜሮና ከአንድ በተጨማሪ «ምንም ቢሆን ግድ የለም» የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ትይዛለች፤ «ከዚህ በኋላ ያለውን ተወው» ማለት የሚቻለው በዚህ ነው። አንድ መምህር የክፍሉን ተማሪዎች አንድ በአንድ ከመጠየቅ ይልቅ «ስሙ በዚህ ፊደል የሚጀምር እጁን ያውጣ» ቢል እንደማለት ነው።

ይህ ጥበብ ግን ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሳጥኖቹ ሁሉ ስለሚሠሩ ቺፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ይግላል፤ ለአንድ ቢት የሚያስፈልጉት ትራንዚስተሮችም ከሌሎች የሜሞሪ ዓይነቶች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ውድ ነው። መሐንዲሶች የቲካምን ስፋት በቁጠባ የሚወስኑት፣ «ለሚቀጥሉት አምስትና ስምንት ዓመታት ይበቃል» ብለው የሚገምቱትም ለዚህ ነው። በእኛ የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚጮኸው ማራገቢያ የሚያቀዘቅዘው በከፊል ይህንኑ ነው፤ መብራት ሄዶ በጄኔሬተር ስንሠራ ደግሞ እያንዳንዱ ዋት በናፍጣ ይከፈላል።

ግምቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2014 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ ኔትወርኮች ውስጥ ይሠሩ የነበሩት፣ ሲስኮ የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸው ካታሊስት 6500 እና 7600 ዓይነት መሣሪያዎች ቲካም ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ሳጥኖች ቢኖሩትም፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ለአይፒቪ4 የተመደበው 524,288 ብቻ ነበር። የቀረው ለአይፒቪ6ና ለመሳሰሉት ተይዟል፤ አይፒቪ6 ለአንድ መንገድ ሁለት ሳጥን ይፈልጋልና። ሰንጠረዡ በተፈጥሮ ዕድገቱ ወደዚያ ወሰን እየተጠጋ ሳለ፣ የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ቬራይዘን ለጥቂት ደቂቃዎች ወደ 15 ሺህ የሚሆኑ ጠባብ አዋጆችን በስህተት ለቀቀ፤ ወሰኑም ተጣሰ። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ድረ ገጾች ተዘጉ፤ የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ከተጎዱት አንዱ ነበር። መፍትሔው ድልድሉን በአንድ የትእዛዝ መስመር ቀይሮ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነበር። አምራቹ አስቀድሞ አሳስቦም ነበር። ነገር ግን ትልቅ ራውተርን ማጥፋት የሁሉንም ሥራ ማቋረጥ ስለሆነ፣ ብዙዎች «የሚቀጥለው ወር» እያሉ አቆዩት። እኔ በዚህ ላይ ማንንም ለመውቀስ አልደፍርም፤ የእኛን ራውተር ለማጥፋት ፈተና የማይሰጥበትን ቀን ስንጠብቅ ሁለት ወር ያለፈበትን ጊዜ አውቀዋለሁና።

የእኛም ማክሰኞ የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። መሣሪያችን ከአገር ውጭ አገልግሎ ከወጣ በኋላ እኛ ዘንድ የደረሰ፣ ቲካሙም ከላይ ካልኩት ጋር እኩል ስፋት ያለው ነው። ከእኛ በፊት የያዘው ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ከሆነው ተምሮ ለአይፒቪ4 የሚሆነውን ድርሻ ወደ 786,432 ከፍ አድርጎት ነበር። ለጊዜው አርቆ አሳቢነት ነበር፤ ነገር ግን ያ ወሰንም እ.ኤ.አ. በ2019 አካባቢ ታልፏል። እኔ ሙሉውን ሰንጠረዥ በጠየቅኩበት ሌሊት የመንገዶቹ ቁጥር ከ900 ሺህ በላይ ነበርና ከ100 ሺህ የሚበልጡት ቦታ አጡ። ቦታ ያጡት ከስድስት ወይም ከሰባት አንዱ ብቻ ሆነው ሳለ ለመዝገብ ክፍሏ ኃላፊ ግማሹ የጠፋ የመሰላቸው፣ የዛሬ ድረ ገጽ ጽሑፉን ከአንድ ቦታ፣ ሥዕሉን ከሌላ፣ የፊደል ቅርጹን ከሦስተኛ ኔትወርክ ስለሚሰበስብ፣ አንዱ ሲጎድል ገጹ ሁሉ ስለሚቆም ነው። ቦታ ላጡት መንገዶች የሚሄደው ፓኬት በዝግታ በሚሠራው ፕሮሰሰር በኩል ይጎተት ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ፣ አንዱን ሰንጠረዥ መልሼ ብቀንስም መሣሪያው አንዴ ከሞላ በኋላ ጠፍቶ ካልበራ በቀር ወደ ደኅና ሁኔታው አለመመለሱ ነበር። ተማሪዎች ምዝገባ ላይ ነበሩ። እስከ ማታ አንድ ሰዓት ድረስ ይቅርታ እየጠየቅን ቆየን።

ሰንጠረዡ የሚያድገው ኢንተርኔት ስለሚሰፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ባልነበረኝ። አዲስ ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ ባንክ፣ አዲስ አገር ሲገናኝ አዲስ መንገድ ሊታወጅ ይገባል። ነገር ግን ከሰንጠረዡ መስመሮች ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ በሌላ ሰፋ ባለ አዋጅ ውስጥ የተካተቱ አድራሻዎች እንደገና ተቆርሰው የታወጁባቸው ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው መስመርም በስምምነት ከሚፈቀደው ሁሉ ትንሹ ቁራሽ፣ 256 አድራሻ የሚይዘው /24 ነው (ከዘንባላው በኋላ ያለው ቁጥር በበዛ መጠን ቁራሹ ይጠባል)። ለመቆረሱ ምክንያቶች አሉት። የአይፒቪ4 ዓለም አቀፍ ክምችት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ተከፋፍሎ ስላለቀ፣ ለአህጉራችን አድራሻ የሚያድለው አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በቁጠባ ስለሚያከፋፍል፣ አዲስ ገቢ ትንሽ ቁራሽ ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ያውጃል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ሁለት መስመር ያለው ተቋም ጭነቱን ለማከፋፈል አድራሻውን ይቆርሳል። ሌላው አድራሻው እንዳይሰረቅበት ይቆርሳል። የጠበበው ይቀድማልና፣ አንድ ሰው የእርስዎን ሰፊ አዋጅ ቆርሶ በስሙ ቢያውጅ ፓኬቱ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ከፓኪስታን የወጣ አንድ /24 ዩቲዩብን ከዓለም ያጠፋው በዚሁ መንገድ ነበር።

እነዚህን ምክንያቶች አከብራለሁ። የማልቀበለው ያለ ምክንያት የሚቆረሰውን ነው። ያወጀው ሰው ለአዋጁ አንድም ሳንቲም አይከፍልም፤ የሚከፍለው ያንን መስመር በቲካሙ ውስጥ የሚሸከመው ሌላው ሁሉ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው አጓጓዥ ስፕሪንት ይህን ለመግታት ሞክሮ፣ በአዲስ አድራሻዎች ላይ ከ/19 የጠበበ አዋጅ አልቀበልም ብሎ ነበር። ትንንሾቹ ጮኹ፤ ያለ ጥፋታቸው ከዓለም ከፊል ተቆርጠው ነበርና ጩኸታቸው ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማዱ እየላላ ሄዶ /24 ላይ ቆመ።

የአዳዲስ መሣሪያ ቺፖች በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መንገዶችን እንደሚይዙ፣ ከቲካም ሌላ በብልሃት የተደራጀ ርካሽ ሜሞሪ የሚጠቀሙም እንዳሉ አውቃለሁ። ለትልልቆቹ አጓጓዦች የሰንጠረዡ ዕድገት ዛሬ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም፤ ጂኦፍ ሂውስተን ዕድገቱን ለብዙ ዓመታት ሲለኩና ሲያትሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከልኬታቸውም ዕድገቱ በቅርብ ዓመታት እየረገበ መምጣቱ ይታያል። ግን አዲሱ ቺፕ የሚደርሰው ለማን ነው? እኛ ዘንድ አንድ ራውተር ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይጠበቃል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ሲተመን ደግሞ ዋጋው በብር ሲሰላ ከበጀታችን ርቆ ሄደ። ስለዚህ ሌላው ዓለም የጣለው መሣሪያ ለእኛ አዲስ ነው፤ የጣለውም ጠብቦት ስለነበረ ነው። በሌላ አህጉር ያለ ሰው ሳያስብበት የቆረሰው አድራሻ መጀመሪያ የሚያጣብበው ባለ አዲስ መሣሪያውን አይደለም፤ ቱሉ ዲምቱ አጠገብ የተማሪ ምዝገባ የተሸከመውን የኛን ራውተር ነው።

በዚያ ማታ ያደረግነው ቀላል ነበር። ሁለቱም አቅራቢዎች ሙሉውን ሰንጠረዥ ትተው የራሳቸውን ደንበኞችና የአገር ውስጥ መንገዶችን ብቻ፣ ለቀረው ደግሞ ዲፎልት ሩት እንዲልኩልን ጠየቅን፤ «የማታውቀውን ወደ እኔ ላከው» የሚለውን አንድ መስመር ማለቴ ነው። መሣሪያውን አጥፍተን አበራነው። ከጥቂት ሺህ የማይበልጥ መስመር ይዞ ተነሣ፤ የፕሮሰሰሩም ጭነት ከመቶ ስድስት ሆነ። እንደ እኛ ላለ፣ በዳርቻ ላይ ሁለት መውጫ ብቻ ላለው ተቋም ሙሉ ሰንጠረዥ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ እኔ የጠየቅኩት የሚያስፈልገንን ሳልመዝን ነበር።

ግን በዚያ አላበቃም። ያን ሰሞን የራሳችንን አዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተመለከትኩት። ተቋሙ አንድ /22 አለው፤ 1,024 አድራሻ ነው። እኛም ጥቅሉን አንዴ፣ አራቱን ቁራሾች ደግሞ ለየብቻ፣ በድምሩ አምስት መስመር እናውጅ ኖሯል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ መስመሩ ሲዘረጋ ከአንድ የማሠልጠኛ ምሳሌ ተገልብጦ የቀረ ይመስላል። በየዓለሙ ዳርቻ፣ ከእኛ በማይሻል መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች የእኛን አራት ትርፍ መስመሮች ተሸክመውልን ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ሌሊት ቁራሾቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ የሚመጣውን ትራፊክ ተከታተልኩ። አንደኛው የርቀት ትምህርት ሰርቨር ያለበት ስለሆነና በሁለተኛው መስመር እንዲገባ ስለምንፈልግ ተወት አደረግኩት። ሦስቱን አነሳሁ። ከዚያ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያለውንና ከዓለም ዙሪያ አዋጆችን የሚሰበስበውን አገልግሎት ከፍቼ ጠበቅኩ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ አንዳንድ ኔትወርኮች የቀድሞውን መንገድ በሌላ ዙር ሲፈልጉ፣ ረዘም ባለ ጉዞ ሲሞክሩ ታየ፤ ቀስ በቀስም አንዱ ከአንዱ እየተከተለ ተዉት። ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱም ከየትም ቦታ አይታዩም ነበር፤ የመዝገብ ክፍሉ ድረ ገጽ ግን ይከፈታል።